የቀመሰ አይናገርም

ባሌን ሰፈርተኛው ሁሉ አፍንጮ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት እህቴ ናት። ያኔ ባሌ አልነበረም፤ የእትዬን ኩሽና ቧንቧ ሊጠግን የመጣ አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር። የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየሩን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገና፣ «ከቁም ሳጥኑ ኋላ የበሰበሰ ሽንኩርት አለ፤ የጋዙም መስመር በትንሹ ያፈሳል» አለ። ሁለቱም እውነት ሆኖ ተገኘ። እትዬ ሳቋ አላስቆም ብሏት፣ «ይሄ ሰውዬ ዓይኑ ቢጠፋ በአፍንጫው መንገድ ያቋርጣል!» አለች። በዚያው አፍንጮ ሆኖ ቀረ። እኔም ያገባሁት አፍንጮን ነው፤ የመዝገብ ስሙን የምጠራው ስናደድ ብቻ ነው።

እትዬ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የጫማዬን ክር ማሰር አልችልም ነበርና እህትም እናትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነበረች። ሥራው ጠባይዋ ውስጥ ገብቶ ሰውን ሁሉ «ግፋ!»፣ «ግፊ!» ማለት ይቀናታል። ፈተና ስፈራ «ግፊ!»፤ የልብስ ስፌት ሱቄን ልክፈት አልክፈት እያልኩ ሳመነታ «ግፊ!»፤ አፍንጮ ሊጠይቀኝ መጥቶ ምላሱ ሲተሳሰርበት «ግፋ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»። እሷ ልጅ አልወለደችም። እኛም አልሆነልንም። ሦስታችን ነበርን፤ ሦስታችን ግን እንደ አሥር ሰው እንንጫጫ ነበር።

ጠጁ ቤታችን የገባው በምርቃት ነው። አንድ ንብ አርቢ፣ አፍንጮ ግቢው ድረስ የውሃ መስመር ዘርግቶለት ደስ ቢለው፣ ከሒሳቡ በላይ አንድ ጀሪካን ማር ጨመረለት። ሁለት ሰው ስንት ማር ይበላል? አፍንጮ ግማሹን በውሃ በጥብጦ፣ እርሾ ጣል አድርጎበት፣ በትልቅ የመስታወት ማሰሮ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን አስቀመጠው። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ብርዙም አብሮ ይንቀጠቀጣል። «ቤቴን መጠጥ ቤት አደረግኸው» ብዬ አጉረመረምኩ። እሱ ግን ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ ማታ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ያሸታል። እኔን እንኳ እንደዚያ አሽትቶኝ አያውቅም።

ሲደርስ ቀመስኩና «ያቃጥላል» አልኩ። እሱም ቀመሰና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው።

«ምላሴን ሰረቅሽኝ!» አለኝ።

«ምን አደረግኩህ?»

«ያቃጥላል ካልሽኝ በኋላ ማቃጠሉ እንጂ ሌላው መቼ ይሰማኛል!»

ያን ቀን ተጣልተን፣ ስንታረቅ ደንብ አወጣን፦ የቀመሰ አይናገርም። መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ፤ አፌን እዘጋለሁ፤ ብርጭቆውን ለእሱ እሰጣለሁ። እሱ ቀምሶ ይናገራል፤ ከዚያ እኔ። ለምን እኔ እንደምቀድም ስጠይቀው፣ «እኔ ከቀደምኩ ፊቴን አይተሽ ትከተይኛለሽ» አለኝ። እውነቱን ነበር። በማሽተት ነገር ማን ከእሱ ጋር ይከራከራል።

ከዚያ በኋላ ዓመታት በዚያ ማሰሮ ዙሪያ አለፉ። አንዱ ማሰሮ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አልጋችን ሥር ሳይቀር ገቡ። የብርቱካን ልጣጭ የገባበት ነበር፤ ዝንጅብል የገባበት ነበር፤ ምንም ሳይገባበት የሁሉ አለቃ የሆነም ነበር። የተበላሸብንም ነበር። አንዱን መቼም አልረሳውም፤ ምላስ ላይ እንደ ወንድሞቹ ጣፋጭ ነው፣ ሽታው ግን የገማ እንቁላል። ገና አፌ ሲደርስ ፊቴ ተጨማደደ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ወደ ማጠቢያው ሮጥኩ። አፍንጮ ከወዲያ ጥግ ሆኖ፣ «ደንቡን ጠብቀሻል፤ አልተናገርሽም» እያለ ይስቃል። «ለእኔ አትስጪኝ፣ ከዚሁ ሸትቶኛል።»

ነገሩን ሥራ ያደረገችው እትዬ ናት። አንድ እሑድ ብርጭቆዋን ጨልጣ፣ «ይሄ ነገር ሙሉ ወሩ ገብቷል፤ ከዚህ ኩሽና መውጣት አለበት። ግፉ!» አለች። እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም። የአፍንጮ ጉልበት ማጠቢያ ሥር ተንበርክኮ ማለቁን ታውቃለች። ሲነሳ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ተክሎ ነው የሚነሳው። «ይሄን ጉልበት ይዘህ እስከ መቼ ሰው ቆሻሻ ሥር ትጋደማለህ?» አለችው። እሱም ዝም አለ። ዝም ካለ ልቡ ሄዷል ማለት ነው።

ድሮ መኪና ይታጠብበት የነበረ ቤት ተከራየን። አፍንጮ የቧንቧ ሥራውን ትቶ፣ ደንበኞቹን ለባልንጀሮቹ አከፋፍሎ፣ ያችን ቤት እንደ ሙሽራ አስጌጣት። ሸክላውን ራሱ አነጠፈ፤ ግድግዳውን ነጭ ቀባ፤ ለጠጁ ትልቅ የማይዝግ በርሜል ጥግ ላይ አቆመ። ከሁሉ በላይ ግን የሚኮራው በውሃ መውረጃው ነበር። ወለሉን ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሀል አዘቅዝቆ፣ መሀሉ ላይ ሰፊ መውረጃ ገጠመበት። የጎበኘን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየው በርሜሉን ሳይሆን ያንን ቀዳዳ ነው። «እዚህ ላይ ባሕር ብታፈስ ወዲያው ይደርቃል፤ ጠብታ አይቀርም» ይላል፤ አንድ ባልዲ ውሃም ደፍቶ ያሳያል።

የጤና ተቆጣጣሪው መጥቶ አየ፤ ፈቃዱ ወጣ። ከዚያ የአንድ ሆቴል ዕቃ ገዢ መጣች። ከኩሽናው ጠጅ አቀመስናት፤ ወደደችው። የመጀመሪያው በርሜል እንደደረሰ ሙሉውን ልትወስድ፣ ከወደዱትም በየጊዜው ልትመላለስ ተስማማን። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «አንድ ነገር ብቻ፤ እንግዳ ፊት አንድ ጠርሙስ ከሸተተ በዚያው አበቃን» አለች። አፍንጮ አፍንጫውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «ይሄ እያለ?» አላት። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁበት!

ብርዱ ሲገባ ጉንፋን ሁለታችንንም ጣለን። እኔ ተነሳሁ፤ እሱም ተነሳ። አፍንጫው ግን አልተነሳም። ይህን እኔ አላወቅኩም። አሁን ወደ ኋላ ዞሬ ሳስበው ምልክቱ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ምድጃው አጠገብ እሱ ተቀምጦ ሳለ ሩዝ አሮ ከሰል ሆነ፤ ጮኼ ስገባ ጢሱን በእጁ እያራገበ፣ «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ። የተበላሸ ወተት ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ጠዋት ማሰሮ ላይ ጎንበስ ማለቱ አልቀረም፤ ብቻ ቶሎ አይነሳም፤ ቆይቶ ቆይቶ ሲነሳ ዝም ይላል። እኔ ሥራው ከብዶት መሰለኝ።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ከጉንፋኑ በፊት ቀምሰን ካልተከራከርን ጠጁን የጠጣነው አይመስለኝም ነበር። እኔ ደረሰ ስል እሱ ገና ነው፤ እኔ ጣፈጠ ስል እሱ ሰነፈ። ከጉንፋኑ በኋላ ግን ክርክር ቀረ። ከትልቁ በርሜል በየጊዜው እየቀዳን ስንቀምስ፣ በልቤ «ገና ነው» ስል እሱ በአፉ «ገና ነው» ይላል። በልቤ «ተመስገን፣ እየመጣ ነው» ስል «እየመጣ ነው» ይላል። ከስንት ዓመት በኋላ ልብ ለልብ ተገናኘን ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ለእትዬም ነገርኳት፤ «አሁን ገና ባልና ሚስት ሆንን» አልኳት። እሷ ግን ቅንድቧን ሰቅላ፣ «ባልና ሚስት በሁሉ ነገር ከተስማሙ አንዳቸው የደበቁት አለ» አለችኝ። ቅናት ነው ብዬ ሳቅኩባት።

የደበቀችስ እሷ ነበረች። እርጉዞቿን ሁሉ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያለች ስትቆጣ የኖረችው ሴትዮ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ሐኪም ሳያየው አውቃው ዝም ብላ ከርማለች። ሆስፒታል የገባችው መቆም ሲያቅታት ነው። አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሆድ ስዳስስ ኖሬ የራሴን አጣሁት ብለሽ ነው? ልጅ እንዳልሆነ ገብቶኛል» አለችኝ። እኔ አለቀስኩ። እሷ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ለአፍንጮ እንዳትነግሪው።»

«እንዴት አልነግረውም? ባሌ እኮ ነው።»

«የመጀመሪያው በርሜል እስኪወጣ። ያንን ሰው አውቀዋለሁ። እንዲህ መሆኔን ከሰማ ሁሉን ጥሎ መጥቶ እዚህ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው። ጨጓራ ነው በይው።»

«እትዬ…»

«ግፊ አልኩሽ! ከዚያ በርሜል ደግሞ አንድ ብርጭቆ ታመጪልኛለሽ። የኩሽናውን አይደለም፤ እሱን ጠግቤዋለሁ። ሰው ከፍሎ የሚጠጣውን። እኔ ያዋለድኩት እሱን ነው።»

ጨጓራ ነው አልኩት። አመነኝ። አበባ ላከላት፤ «ጨጓራ ለሚያማት ሰው ጠጅ አይሆንም፤ እስክትድን እናስቀምጥላታለን» እያለ ቀለደ። እኔ ጠዋት ሱቅ፣ ቀን ሆስፒታል፣ ማታ በርሜል ሥር እየተመላለስኩ፣ በልቤ ጠጁን እለምነው ነበር፤ ድረስ፣ ቶሎ ድረስ፣ እሷ እያለች ድረስ። ልመናዬ ሁሉ ይኸው ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ የቀራት ጥቂት መሆኑን የነገረኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልንቀምስ በተቀጣጠርንበት ቀን ዋዜማ ነው። የሆቴሉ መኪና ከቅምሻው በማግስቱ ጠዋት ይመጣል። ስለዚህ በቀጠሯችን ቀን ማለዳ ሁለታችን በርሜሉ ፊት ቆምን። አፍንጮ ቧንቧውን ከፍቶ ብርጭቆው ውስጥ ቀዳ። ወርቅ መሰለ፤ ጥርት ያለ፤ አተላ የሚባል ዘር የለበትም። ሰጠኝ።

ቀመስኩ።

እናታችን የሞተች ሰሞን ሌሊቱን አልቅሼ ሲነጋ፣ እትዬ ከሥራ ትገባና ኮቷን ሳታወልቅ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አፌ ውስጥ ትከተው ነበር። የጣቷ የሳሙና ሽታ ከማሩ ጋር ይቀላቀላል። ለቅሶዬ እዚያው ላይ ይቆማል። ይህን ካሰብኩት ስንት ዘመኔ! ያ ጠጅ ግን ይዞት መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ደረሰ፣ ደርሶልኛል፣ እሷ ደግሞ ልትሄድ ነው። ፊቴ ከእጄ አመለጠ። ተጨማደደ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ደንብ ነውና አልተናገርኩም። ብርጭቆውን ለአፍንጮ ሰጠሁት።

እሱ ሲቀምስ ስልኬ ጮኸ። ነርሷ ናት፤ «እህትዎ እየጠሩዎት ነው፤ ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችኝ። ቦርሳዬን ነጥቄ ወጣሁ። አፍንጮ ኋላዬ «ቆይ እንጂ!» ሲል ሰምቻለሁ። «እመጣለሁ!» ብዬው ሮጥኩ።

ስደርስ እትዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ቢጫ ሆኗል፤ ዓይኗ ግን የድሮው ነው።

«ደረሰ?» አለችኝ።

«ደረሰ።»

«ታዲያ ባዶ እጅሽን ምን ልትሠሪ መጣሽ? እኔ እኮ አንቺን ጠጥቼ አልረካም!»

እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ ተመለስኩ። የመድኃኒት ጠርሙሷን በፈላ ውሃ አሳጥቤ ይዣለሁ።

ገና መንገዱ እጥፋት ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ማር ማር ይላል። የፊት ለፊቱ ጫማ ሠሪ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬ ምን ጉድ እያፈላችሁ ነው? ሰው ሁሉ አፍንጫውን አንስቶ እየሄደ እኮ ነው!» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው በሩን ገፋሁ።

አፍንጮ መጥረጊያ ይዞ መሀል ወለል ላይ ቆሟል። የበርሜሉ ክዳን ተከፍቶ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፤ ምንም አይወርድበትም። ወለሉ ደርቋል። ጠብታ አልቀረም።

«አይዞሽ» አለኝ፣ መጥረጊያውን ጥሎ እየመጣ። «አይዞሽ፣ ዳግመኛ እንጥላለን። ለሆቴሉም ደውያለሁ፤ አልደረሰም ብዬ ትቻለሁ። ከሚያዋርደን ይቅር ብዬ ነው። አንቺም ልትነግሪኝ ከብዶሽ እንደሮጥሽ ገብቶኛል።»

«ምኑን ነው የምነግርህ?»

«መሽተቱን።»

«ማን ነው ሸተተ ያለህ?»

«ፊትሽን አየሁት እኮ» አለ። «እንደዚያ እንቁላሉ ጊዜ። አፍሽን ይዘሽ…»

«አንተ አልቀመስክም?»

ቀስ ብሎ፣ ሕፃን ጥፋቱን እንደሚናገር ሆኖ፣ «ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው። ጣፋጭና መራራ ብቻ ነው የሚታወቀኝ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ ያረረው ሩዝ፣ የተበላሸው ወተት፣ ልብ ለልብ የተገናኘንበት ወራት ሁሉ። ጠጁን ሳይሆን እኔን ሲያነብ ነበር። ግንባሬ ሲፈታ «እየመጣ ነው»፣ ከንፈሬን ስነክስ «ገና ነው»። «ፊቴን አይተሽ ትከተይኛለሽ» ብሎ ደንብ ያወጣው ሰውዬ!

ጮህኩበት። የመዝገብ ስሙን እስከ አባቱ ጠርቼ ጮህኩበት። «በሕይወቴ እንደሱ ቀምሼ አላውቅም! በሕይወቴ! ያለቀስኩት እትዬ ልትሞት ስለሆነ ነው፤ ጨጓራ አይደለም፤ ልትሞት ነው፤ ከዚህ በርሜል አንድ ብርጭቆ ነው የለመነችኝ፤ አንተ ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ ደፋኸው!»

አፍንጮ ራሱ ባነጠፈው ሸክላ ላይ፣ መውረጃው አጠገብ ቁጭ አለ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላሉ፤ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «እትዬ?» ይላል፤ «እትዬ ናት?» ሌላ ቃል አልወጣውም። ንዴቴ ሳይበርድ አዘንኩለት፤ ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ ባንድ ጊዜ ሲሆን እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

«ብርጭቆውስ?» አልኩት በኋላ። «ጠዋት የቀመስንበት ብርጭቆስ?»

ቀና ሳይል በጣቱ አሳየኝ። መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከላዩ የስኒ ማስቀመጫ ተከድኖበታል። እንዳይሸትበት ሳይሆን እንዲሸተው ነው ያስቀመጠው። በርሜሉን ከደፋ በኋላ እየከደነ እየከፈተ፣ ምናልባት የዚያ የእንቁላል ሽታ እንኳ ቢመጣለት ብሎ ሲያሸት ነበር የዋለው። ሥሩ ላይ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ቀርቶታል። ወደ መድኃኒት ጠርሙሱ ገለበጥኩት። እሱ ተነስቶ ጠርሙሱን ደግፎ ያዘልኝ።

አብረን ሄድን። እትዬ አፍንጮን ስታይ ሁሉን እንደነገርኩት ገባት፤ ገላመጠችኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አየች።

«ይቺ ናት?» አለች። «ለሆቴሉ ሁሉንም ሰጥታችሁ ለእኔ የዓይን ጠብታ?»

ጭንቅላቷን ደግፌ ከንፈሯ ላይ ጠጋ አደረግኩላት። ቀመሰች። አፏን ዘጋች፤ ዓይኗንም ዘጋች። የእኔ ዓይን ፊቷ ላይ ተተክሎ ቀረ። ከዚያ ቀጭን ጣቷን አንስታ ከንፈሯ ላይ አደረገች። የቀመሰ አይናገርም። በዚያው ጣቷ ወደ አፍንጮ ጠቆመች፤ ተራው ያንተ ነው ማለቷ ነው።

አፍንጮ ጠርሙሱን ተቀበለ። የቀረችውን ጨለጣት። ከዚያ እንደ ለመደው ፊቷን አየ። የሕመምተኛ ፊት ነው፤ ሁሉም ነገር ተጨማዶበታል፤ ምን ይነበባል?

«እትዬ፣ አይሸተኝም» አለ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ምን ልበልዎ?»

ዓይኗን ገለጠች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ሥራዬን ትቼ፣ እርስዎን አምኜ፣ እሷን ይዤ ገብቼ… አፍንጫ የሌለው አፍንጮ ምን ይረባል ብዬ።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እርስዎስ ለምን አልተናገሩም?»

እትዬ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ሕመሙም ሊሆን ይችላል። እጇን ዘርግታ አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችለት፤ ሕፃን እንደሚያጫውቱት። «እኛ ሦስታችን ስንባል» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «አሁን ደክሞኛል። ስለ ጠጁ ነገ እነግራችኋለሁ።»

በማግስቱ ከመንጋቱ በፊት ሄደች። የቀመሰችውን ሳትናገር ሄደች።

የሆቴሉ ገዢ ሌላ አገኘች፤ አልፈርድባትም። እኛ ቤቱን አልለቀቅንም፤ ለሌላ ሥራ የሚሆን ጉልበት አፍንጮ የለውም፤ እትዬም «ግፉ» እንዳለች ነው የሞተችው። አነስ አነስ እያደረግን እየጣልን ለሰፈር ምግብ ቤቶች እናስረክባለን። ይሸጣል። ሐኪም ቤት ሄዶ አፍንጫውን አሳየ፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አሉት። እስካሁን አልተመለሰም።

ደንቡን ገለበጥነው። አሁን የቀመሰ ይናገራል። እኔ እቀምሳለሁ፤ እሱ የጠርሙስ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ፊቴን ማየት አይፈልግም። «ፊትሽ አንዴ ጉድ ሠርቶኛል» ይላል። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ በቃል እነግረዋለሁ፤ ምላስ ጫፍ ላይ ምን እንዳለ፣ ጉሮሮ ላይ ምን እንደቀረ፣ በአፍንጫ ምን እንደመጣ። እሱ ይጠይቃል፤ እኔ እመልሳለሁ። ጥሩ ጠያቂ ነው። እኔም ከዕለት ወደ ዕለት ጥሩ ተናጋሪ ሆኛለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀውም። ሥራ መሀል፣ ምግብ መሀል፣ ከእንቅልፉ ባኖ፣ «እውነት ጥሩ ነበር?» ይለኛል። የቱ ብዬ አልጠይቀውም። «ጥሩ ነበር» እለዋለሁ። ፊቴን ያያል። ፊቴ ደግሞ እትዬ ከሄደች ወዲህ ያው ነው፤ ምን አይቶ ምን ይረዳል። «ምናልባት ትንሽ ሸትቶ እንደሆነስ? ተናደሽ ሳለ አልታወቀሽ እንደሆነስ?» ይላል። ሌላ ምስክር የለውም። የነበረችው አንዷ ነገ እነግራችኋለሁ ብላ ሄዳለች። እየከሳ ሄደ። ያ የደፋው ጠጅ የተጣለበትን የንብ አርቢውን ማር ከእንግዲህ እጄ አይነካውም ብሎ ምሎ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሰውዬው ራሱ ተሸክሞ አመጣና እንቢ ማለት አልቻለም።

ትናንት የዚያ ማር ጠጅ ደረሰ። አፍንጮ ቀድቶ ሰጠኝና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ቀመስኩ። ጥሩ ጠጅ ነው፤ ጨዋ ጠጅ ነው፤ የሚጠጣው ሰው ይመርቀናል። ያኛው ግን አይደለም። ወደ ያኛው የሚጠጋም አይደለም። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ጥራቱን፣ ጣዕሙን፣ ሽታው ንጹሕ መሆኑን። ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ከዚያኛውስ?»

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይል የለ ሰው።

«ይሄ ይበልጣል» አልኩት። «ያኛውማ እውነቱን ልንገርህ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሽታ ነበረው። ያኔ ተናድጄ ነው እንደዚያ ያልኩህ። ብትልከውም ኖሮ ይመልሱልን ነበር።»

አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እትዬ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። «ሽታ ነበረው» አለ ለራሱ። «ነበረው እንዴ።»

ዓይኑን ሲገልጥ እኔ ፊቴን ወደ ማጠቢያው አዙሬ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር።